ቃል የሌለው ዘፈን፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ባለፈው ሰሞን ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚያስኬድ ጉዳይ ገጠመኝ። ጉዳዩ የቤተሰብ ነው፤ ለእናንተ አይፈይድም። ላወራችሁ የፈለግሁት ሚኒባሱ ውስጥ ስለሰማሁት ሙዚቃ ነው። አትሳቁ። ይህ የወቅታዊ ጉዳይ ቻናል መሆኑን አልረሳሁም፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የሚያርፈው።

መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ እንደ ድሮው ሻንጣ አንጠልጥሎ ዝም ብሎ የሚወጣበት መንገድ አይደለም። መጀመሪያ ይጠየቃል። «ዛሬ ክፍት ነው? ትናንት መኪና ገብቷል?» ይባላል። መልስ ከተገኘ በኋላ ነው መነኻሪያ የሚኬደው። እኔ የሄድኩ ዕለት ክፍት ነበር። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞላ፤ ረዳቱ እንደ ልማዱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ሰው ጨመረና ወጣን።

ሾፌሩ ገና ከከተማ ሳንወጣ ሙዚቃ ከፈተ። ደብረ ወርቅን አለፍን፤ ሙዚቃው ቀጥሏል። ወደ ጉንደ ወይን ስንቃረብ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ይህን ሁሉ መንገድ ስንመጣ አንድም ሰው አልዘፈነም። ሳክስፎን ሰምቻለሁ፣ ኦርጋን ሰምቻለሁ፣ ዋሽንት ሰምቻለሁ፣ ማሲንቆ ሰምቻለሁ። የሰው ድምፅ ግን የለም። ጎጃም ላይ! ያውም አዝማሪ በላይ ዘለቀን ሳያነሳ በማያልፍበት በቢቸና መንገድ!

ከፊት ወንበር ስለነበርኩ ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ዘፋኞቹን የት አደረስካቸው?»

መሪውን እንደያዘ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዘፋኝ ያለው ዘፈን ወገን አለው» አለኝ። «ኬላው ላይ ዛሬ ማን እንደቆመ በምን አውቃለሁ? ይችን ብከፍት ያኛው ይቆጣል፤ ያችን ብከፍት ይኸኛው። ክላሲካል ግን ማንም አይቆጣውም። ሽለላውንም ቀረርቶውንም ከፍላሹ አጥፍቼዋለሁ።»

«ክላሲካል» ሲል ቤትሆቨንን ማለቱ አይደለም። በእኛ አገር ዘፋኝ የሌለበት ዜማ ሁሉ ክላሲካል ነው። ፈረንጅ ሊስቅብን ይችላል፤ እኔ ግን ቃሉን እወደዋለሁ። ኃይሉ መርጊያ ራሱ በ1985 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን ለቀረጸው ካሴት በእንግሊዝኛ የሰጠው ርዕስ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ነው። እሱ ካለው እኛ ምን አገባን?

ይህን እያሰብኩ ሳለ ቀጣዩ ዜማ ገባ። «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ስሙን የማታውቁት እንኳ ዜማውን ታውቁታላችሁ። ትንፋሾቹ አንድ አጭር ነገር ይላሉ፤ ይደግሙታል፤ መልሰው ይደግሙታል። ከሥር ቤዙ እንደ በቅሎ ርምጃ ሳይቸኩልም ሳይዘገይም ይሄዳል። ኦርጋኑ መሀል ላይ ገብቶ ሰው እንደሚያወራ ያወራል። ምንም ትልቅ ነገር አይሆንም፤ ግን ሲያልቅ አንድ ነገር እንደተነገራችሁ ይሰማችኋል።

በልጅነቴ ቢቸና ቤታችን ባለው ሬዲዮ አንዱ ፕሮግራም አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ ዜማ ይህችው ነበረች። አባቴ በዚያች ሰዓት ድምፁን ይቀንሰው ነበር። «ባትሪ አትጨርሱብኝ» ይላል። ዜናው ለሱ ነው፤ ዜማዋ የባትሪ ኪሳራ ናት። እኔ ደግሞ የምጠብቀው ቀዳዳዋን ነበር። የማን እንደሆነች ያወቅሁት አድጌ፣ ከአገር ወጥቼ ተምሬ፣ ብዙ ቆይቼ ነው።

የዋልያስ ባንድ ናት። ያለችበት አልበም «ቼ በለው» ይባላል፤ በካይፋ አሳታሚነት በ1977 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ባንዱ ከዚያ በፊት በ1975 «ትዝታ» የተባለ ካሴት አውጥቷል፤ በሸክላ የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ አልበሙ ግን ይኸው ነው። ርዕሱን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለአዲስ አበባ ልጆች ያህል፣ «ቼ» ፈረስ የሚነዳበት ቃል ነው።

ተጫዋቾቹን ልጥራቸው፤ ስማቸው ሳይጠራ ብዙ ዘመን ስለተደመጡ። ኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፣ ቤዝ መላከ ገብሬ፣ ሳክስፎንና ዋሽንት ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታር መሐሙድ አማን፣ ድራም ተማረ ሐረጉ፣ ፒያኖ ግርማ በየነ። ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ይዞ አለበት። «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው።

ከነሱ በፊት ባንድ ሲባል በአብዛኛው ባለቤት ነበረው። የክቡር ዘበኛ ነው፣ የፖሊስ ነው፣ የጦር ሠራዊት ነው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ነው። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ አንዳንዱም ባለማዕረግ ወታደር ነው። ዋልያሶች የራሳቸው ነበሩ። አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት በየምሽቱ ተጫወቱ። አልበሙ ውስጥ የምትሰሙት ያንን ነው። ስቱዲዮ ተቀምጦ የተቀመመ ነገር አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት መድረክ ላይ የበሰለ ነው። ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ ሳይተያዩ ያውቁታል።

ዓመተ ምሕረቱን ግን አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እዩት። 1977 ማለት በእኛ 1969 ነው። ጥር ላይ ተፈሪ ባንቲ የተገደሉበት፣ ሚያዝያ ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ የሞላባቸው ጠርሙሶች የሰበሩበት፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር አስከሬን የሚገኝበት፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ያጥለቀለቀበት ዓመት ነው። ሰዓት እላፊ አለ። ማታ ለመዝናናት የወጣ ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል ክለቡ ውስጥ እየደነሰ ያነጋል፤ ሙዚቀኛውም እየተጫወተ ያነጋል። ግጥም ለሳንሱር ይቀርባል። በዚህ መሀል አንድ ቃል የሌለበት ሸክላ ወጣ።

ዋልያሶች ሳንሱር ፈርተው ነው ዘፋኝ የተዉት ብዬ አልከራከርም። ለሆቴል እንግዳ፣ ለእራትና ለዳንስ፣ ዘፋኝ የሌለው ዜማ ይስማማል፤ ሥራቸው ነበር። እኔ የምለው ስለ ተጫዋቹ ሳይሆን ስለ አድማጩ ነው። በዚያ ዓመት ያንን ሸክላ ቤቱ ያስገባ ሰው ጎረቤት የማይጠቁምበት ሙዚቃ ገዛ። አልበሙ ውስጥ «እቲ ጓል ብሌናይ» የሚል ርዕስ ያለው ዜማ አለ። የኤርትራ ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት ነው። በቃል ተዘፍኖ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ጆሮውን ይቀስር ነበር? ዜማ ብቻ ስለሆነ ግን ከ«ሎሚ ተራ ተራ» ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ማንም ምንም አላለውም። የሚኒባሱ ሾፌር ዛሬ ያገኛትን ዘዴ አዲስ አበባ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ታውቃት ነበር ማለት ነው።

አሁን ትንሽ ልራቅ፤ እመለሳለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ የሮክ ሰው ነበር። የሌድ ዜፕሊንን የመጀመሪያ አልበም ላፕቶፑ ላይ ጭኖ እስኪሰለቸን ያሰማን ነበር። አራት እንግሊዛውያን ናቸው፤ ጂሚ ፔጅ፣ ሮበርት ፕላንት፣ ጆን ፖል ጆንስና ጆን ቦናም። አብረው መጫወት በጀመሩ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ፣ በ1968 መጸው ላይ፣ ለንደን ስቱዲዮ ገብተው ሥራውን በ36 ሰዓት ያህል ጨረሱት። በጥር 1969 ወጣ። ሃያሲው አጣጣለው፤ ሕዝቡ ገዛው። (በነገራችን ላይ ያ 1968፣ በእኛ 1960፣ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተኩስ የገጠመበት ዓመት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እኔ ግን ያንን አልበም በሰማሁ ቁጥር አያቶቼ በዚያው ወቅት ምን እየሰሙ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ የአውሮፕላን ድምፅ ነው።)

እንግሊዝኛችን ለፈተና እንጂ ለፕላንት ጩኸት አይበቃም ነበር። ስምንት ሰው የሚተኛበት ዶርም ውስጥ አንድም ሰው ምን እንደሚል አልገባውም። ግን ሁላችንም ወደድነው። ለእኛ ክላሲካል ነበር በሉት። ፕላንት ዘፋኝ አይደለም፤ እንደ ጊታሩ አንድ መሣሪያ ነው። ከዚያም በላይ ደግሞ ዜማው የሆነ ቦታ ያውቀናል። እንዴት አንድ የእንግሊዝ ልጅ የእኛን ጉሮሮ አገኘው እያልኩ እገረም ነበር።

ሚስጥሩን የነገረኝ ጊታር የሚጫወት ሌላ ልጅ ነው። የብሉዝና የሮክ ጊታር ተጫዋቾች ቀን ከሌት የሚመላለሱባቸው አምስት ድምፆች አሉ፤ ፈረንጅ ማይነር ፔንታቶኒክ ይላቸዋል። የእኛ ባቲ ማይነር ደግሞ እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው። አካሄዱ፣ የድምፁ ጌጥ፣ የማረፊያው ቦታ ይለያያል፤ ድምፆቹ ግን ያው። ባቲን ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማ ልጅ ፔጅን ሲሰማ ባይገባው እንኳ አይደነግጥም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። እነዚያ እንግሊዛውያን ብሉዙን ከሰማይ አላወረዱትም። የሚሲሲፒና የቺካጎ ጥቁሮች ነው። አልበሙ ላይ ሁለቱ ዘፈኖች የዊሊ ዲክሰን ናቸው፤ ስሙም ተጽፏል። «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» ግን በፔጅ ስም ወጣና ጄክ ሆልምስ የተባለ አሜሪካዊ ዘፋኝ የኔ ነው ብሎ በ2010 ፍርድ ቤት ሄደ። ከአርባ ዓመት በኋላ! ቢያንስ እሱ የሚሄድበት ፍርድ ቤት ነበረው። የእኛዎቹ የጎጃምና የወሎ አዝማሪዎች ዜማቸው ወደ ከተማ ሲገባ ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው ምንድን ነው? «የሕዝብ»። ሕዝብ ሮያሊቲ አይጠይቅም፤ ሕዝብ ጠበቃ አይዝም። ዋልያሶችን ለብቻቸው ልወቅስ አይደለም፤ ያኔም አሁንም የሁሉም ልማድ ነው። እነሱም ራሳቸው በኋላ ዕጣው ደረሳቸው፤ «ሙዚቃዊ ስልት» በዓለም ዙሪያ ሲጫወቱት የደራሲው የግርማ በየነ ስም ብዙ ሰው አፍ ላይ አልነበረም።

እንግዲህ ሁለቱን የመጀመሪያ አልበሞች ጎን ለጎን ሳያቸው የሚመሳሰሉት መድረክ ላይ የበሰሉ በመሆናቸው ነው። ዜፕሊኖችም ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት ስካንዲኔቪያ ዞረው አብዛኛውን ተጫውተውት ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ሲጫወት ይሰማችኋል። የሚለያዩት ግን በአንድ ትልቅ ነገር ነው። የዜፕሊንን ቃል እኔ ባልረዳውም ቃሉ አለ፤ የሚረዳው ሰው አለ። ዋልያሶች ግን የቃሉን ቦታ ባዶውን ነው የተዉት። የሚገርመው ያ ወንበር ባዶ መሆኑ ሳያስታውቅ ነው የምንሰማው።

የአልበሙ ሰዎች በኋላ ምን ሆኑ? በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ግማሾቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን አጠገብ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ተሳፋሪ እስኪመጣ እየተለማመደ። ያሳፈረው ሰው ሁሉ ማን እንደሚነዳው አያውቅም። ከዚያ በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴት አሳዳጅ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያንን የ1985 ካሴት ከአንድ ሙዚቃ ቤት አገኘ። ባሕር ዳር ላይ፤ ከሞጣ በግማሽ ቀን የምትገባበት ከተማ። ባለቤቱን አፈላልጎ በስልክ አገኘው፤ ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ በዓመቱ «ቼ በለው» ራሱ እንደገና በሸክላ ታተመ። ኃይሉ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

ይህን ታሪክ ስሰማ የምኮራው በኃይሉ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሙዚቃ ቤት ጭምር ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ያለፈውን ካሴት ከመደርደሪያ አላወረደም። በክልላችን ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜም ያዳኑን እንደዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም፤ ሰው ሁሉ ሚሞሪውን ይዞ ሞባይል ቤት ይሰለፍ ነበር። ሦስት ዓመት የቆየ ዘፈን እንደ አዲስ ይጫናል። እኔም «ቼ በለው»ን ሙሉውን ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ካንድ ልጅ ኮምፒውተር ላይ፣ «አሮጌ ክላሲካል» በሚል ፎልደር ውስጥ።

ወደ ሞጣ እንመለስ። ጉዳዬን ጨርሼ ከሰዓት በኋላ አንድ ዘመዴ ጠላ ቤት ወሰደኝ። ማታ መውጣት ስለሌለ ጨዋታው ወደ ዘጠኝ አሥር ሰዓት ወርዷል። አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ለማታውቁት፣ አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። ጠጪው «ተቀበል!» ይለዋል፤ ግጥሙን ይሰጠዋል፤ እሱ ይቀበልና በዜማ ያወርደዋል። ግማሹ ዘፈን ከሱ፣ ግማሹ ከእኛ ነው። ያውም እዚህ አገር፣ ዲማ ጊዮርጊስን በመሳሰለ የቅኔ ደብር ዙሪያ፣ ቅኔ ያልቆጠረው ገበሬ እንኳ ነገር ጠቅልሎ መስጠት ያውቅበታል። ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለሚገባው።

ያን ቀን ግን ማንም «ተቀበል» አላለም። አዝማሪው ሁለት ሦስት የሰላምታ ስንኝ ጣል አደረገና ዞር ዞር ብሎ አየን። ሁሉም ጣሳው ውስጥ ያያል። ሰውየው አልተቀየመም፤ ለምዶታል። አንገቱን ደፋ አድርጎ ማሲንቆውን ብቻ መምታት ቀጠለ። ቃል የለም። ረጅም ነበር፤ ደስ ይላል፤ እውነቴን ነው፣ እንዲያ ያለ ማሲንቆ ሰምቼ አላውቅም። እኔም በልቤ «ይኸው ክላሲካል» አልኩ።

ከዚያ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከበሩ አጠገብ ሆነው «ተቀበል!» አሉ።

ማሲንቆው ቆመ። ሰጡት። ስለ ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያ ዘንድሮ መዘግየቱን፣ መሬቱም እንደለመደበት መጠየቁን የሚናገር ሁለት ስንኝ ነው። ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የሳቸው ነው፣ ቤታቸውም እዚያው ሰፈር ነው። አዝማሪው ተቀብሎ ሲያወርደው ሰው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ሁለተኛ ሲደግመው ወርቁ ገባንና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እያንዳንዳችን የሳቅነው በተለያየ ነገር እንደሆነ አልጠራጠርም። ሳቁ ሲበርድ ደግሞ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ በሩ አየ። ማንም አልነበረም። ሽማግሌው ጣሳቸውን ጨርሰው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ ዘንጋቸውን አንስተው ወጡ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሾፌሩን አሰብኩት፣ ሽማግሌውን አሰብኳቸው። ሾፌሩ ልክ ነው። አሥራ አምስት ነፍስ ጭኖ የሚሄድ ሰው በአንድ ዘፈን ምክንያት ማንንም አደጋ ላይ ሊጥል አይገባም። እኔም ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ፤ እንዲያውም አድርጌያለሁ። ባለፉት ዓመታት እዚህ ቻናል ላይ ስንት ነገር ጽፌ አጥፍቻለሁ? ስንቱን ጽሑፍ ወርቁ እስኪሞት ድረስ ሰም ደፍቼበታለሁ?

ስለ «ቼ በለው» ያለኝ ሐሳብም በዚያ ሌሊት ተነካካ። ያ አልበም ለምን እንደሚወደድ ለዓመታት ሳወራ የኖርኩት «ሁሉንም ያስተናግዳል» እያልኩ ነው። እውነት ነው። ግን በ1969 በዚያ የዳንስ ወለል ላይ ማን ማን እንደነበረ አስቡት። ወንድሙ ትናንት የተወሰደበት ልጅ ሊኖር ይችላል። ወሳጁም ሊኖር ይችላል። ሁለቱም በአንድ ዜማ ትከሻቸውን ነቅንቀዋል። ዜማው የአንዱንም ስም አይጠራም፤ ማንንም አያስቆጣም፤ ማንንም አይጠይቅም። እኔ ያንን ሰፊ ልብነት ብዬ ስጠራው ኖርኩ። ወንድሙ የተወሰደበት ልጅ ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቄው አላውቅም።

ይህን ስል አልበሙን ጠላሁት ማለቴ አይደለም። ማን ይጠላዋል? በዚያ ዘመን እጅን አድምቶ ያልመጣ ነገር ከነሙሉ ውበቱ መገኘቱ ራሱ ተአምር ነው። ዋልያሶች ያንን ወንበር ባዶ የተዉት አድማጩ እንዲቀመጥበት ነው ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየመታ ዞር ዞር ብሎ እንዳየን ማለት ነው። የኔ ጭንቀት በአድማጩ ላይ ነው። ባዶ ወንበር ለረጅም ጊዜ ካየን ወንበሩ ሲሠራም ባዶ ይመስለናል። ልጆቼ በሚኒባስ የሚሰሙት ሁሉ ክላሲካል ከሆነ «ተቀበል» የሚለውን ቃል ከማን ይማሩታል?

በማግሥቱ መንገድ ክፍት ነው ተባለና ተመለስኩ። እንዳጋጣሚ ያው ሾፌር ነው፤ ያችኑ የፊት ወንበር ሰጠኝ። ትንሽ እንደሄድን ስልኬን በብሉቱዝ ላገናኝ ስለው ጠረጠረኝ። «ቃል የለበትም» አልኩት፤ ፈቀደ። «ቼ በለው»ን ከመጀመሪያው ከፈትኩ። ድራሙ ገባ፣ ቤዙ ገባ፣ ኦርጋኑ ገባ። ሾፌሩ ጣቱን መሪው ላይ ማንኳኳት ጀመረ።

ከኋላችን ሁለት ዶሮ እግራቸውን አስረው ከእግራቸው ሥር ያስቀመጡ እናት ነበሩ፤ ጉንደ ወይን ወራጅ ናቸው። አልበሙ ሦስተኛው ዜማ ላይ ሲደርስ ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ልጄ፣ ይኸ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?»

ሾፌሩ በመስታወት አያቸው። «ጀምሯል እኮ፣ እማማ።»

«ማን ነው የሚዘፍነው ታዲያ? አልሰማሁም።»

«ማንም አይዘፍንም። ዜማ ብቻ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «አይ፣ እንግዲህ» አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቆየት ብዬ በመስታወቱ ሳያቸው ከንፈራቸው ከዜማው ጋር ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚሉ ለመስማት ድምፁን ቀነስኩት። እሳቸውም ዝም አሉ። መልሼ ከፍ አደረግሁት።